«ማህደርህ ላይ የለም»

በእኛ አገር ጉዳይ ለማስፈጸም ደጅ የጠና ሰው ሁሉ አንዲት አረፍተ ነገር ያውቃል፦ «ማህደርህ ላይ የለም»። አጭር ናት። ተናጋሪውን አታደክምም፤ ከወንበሩም አታስነሳውም። ሰሚውን ግን ከሦስተኛ ፎቅ አውርዳ፣ ክፍለ ሀገር ልካ፣ ምስክር አስፈልጋ፣ አንዳንዴም ዕድሜውን አስጨርሳ ነው የምትመልሰው። የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ አልወቅስም። እሱ የሚያየው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ «አለ» ካለ አለ፣ «የለም» ካለ የለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ወረቀቱ ራሱ የተሳሳተ እንደሆነስ?

ዛሬ ያነሳሁት የወታደር ነገር ነው። ተዋግቶ፣ ቆስሎ፣ ሜዳዩ ከአገልግሎት ማስረጃው ላይ ስለቀረበት ሰው። ምሳሌ የማደርገውም አሜሪካንን ነው። «ምነው የራሳችን አነሰን?» የሚል አይጠፋም። ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ የእነሱ አሠራር ጥሩውም መጥፎውም በሕግ ተጽፎ አደባባይ ላይ ያለ ስለሆነ ለመተቸት ይመቻል። ሁለተኛ፣ ዛሬ በዚያ ጦር ውስጥ የእኛም ልጆች አሉ፤ ድሮም አባቶቻችን ከዚያ ጦር ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል። ወደ እነሱ እመለሳለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።)

አንድ ወታደር ከአሜሪካ ጦር ሲሰናበት ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። ለብዙዎቹ የቀድሞ ወታደሮች ከልደት ወረቀት የሚበልጥ ሰነድ ነው። መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ምን ሠራ፣ እንዴት ተሰናበተ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። 13ኛዋ ሣጥን ደግሞ የኒሻንና የሜዳይ ሣጥን ናት። እዚያች ሣጥን ውስጥ ያልተጻፈ ሜዳይ በአሜሪካ መንግሥት ዓይን እንዳልተሰጠ ይቆጠራል ማለት ይቻላል።

«ታዲያ አንድ ቁራጭ ብረት ቢቀርስ?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ብረት ብቻ አይደለም። በጠላት እጅ ለቆሰለ የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ከፍ ያለ ቅድሚያ ያሰጣል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ፣ ከመስከረም 2001 በኋላ አገልግሎ ይህን ሜዳይ ያገኘ ወታደር ሙሉ የትምህርት ድጎማ ያገኛል። ለእግረኛ ተዋጊ የሚሰጠው የውጊያ ባጅም እንዲሁ ጌጥ ብቻ አይደለም። ባጁ ማህደሩ ላይ ካለ ሰውየው ውጊያ ውስጥ እንደነበር ያስረዳል። ያ ከታወቀ ደግሞ «ጀርባዬን የተጎዳሁት ያኔ ነው» ሲል የሕክምና ወረቀት ባይኖረውም ቃሉን የሚቀበል ሕግ አለ። ባጁ ከሌለስ? ውጊያ ውስጥ እንደነበረ ከዜሮ ጀምሮ ማስረዳት አለበት። አንዲት ያልተተየበች መስመር የአንድን ሽማግሌ የጡረታ ገንዘብ፣ ሕክምናውን፣ አልፎም መቃብሩ ላይ የሚጻፈውን ትወስናለች።

ሜዳይ እንዴት ከማህደር ይቀራል? ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም፤ እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ጸሐፊው በቀን ስንቱን ሲያሰናብት እጁ ዝሎ ይዘላል። ወታደሩ ቤቱ ለመግባት ቸኩሎ ሳያነብ ይፈርማል። የሜዳዩ ትእዛዝ የሚጸድቀው እሱ አገሩ ከገባ ከወራት በኋላ ይሆናል። ቁስለኛው ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲዛወር ወረቀቱ አንዱ ጋ ይቀራል። የፐርፕል ኸርት ደንብ ደግሞ ቁስሉ በሐኪም የታከመ፣ ሕክምናውም በመዝገብ የሰፈረ መሆን አለበት ይላል። እስቲ አስቡት። ቁስሉን ጓደኛው በጨርቅ አስሮለት «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ምሽጉ የተመለሰ ሰው መዝገብ የለውም። ጀግንነቱ ራሱ ማስረጃውን አጠፋበት ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ እሳት ይጨመርበት። ሐምሌ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ ያለው የወታደሮች ማህደር ማስቀመጫ ሕንፃ ስድስተኛው ፎቅ ተቃጠለ። እሳቱን ጨርሶ ለማጥፋት ቀናት ወሰደ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆኑ ማህደሮች ወደሙ። ከ1912 እስከ 1960 መጀመሪያ ድረስ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ፣ ከአየር ኃይሉም በ1947 እና በ1964 መካከል ከተሰናበቱት ስማቸው በፊደል ተራ ከ«ሀባርድ» በኋላ ከሚመጣው 75 በመቶ ያህሉ ማህደራቸው አመድ ሆነ። ግልባጭ የለም። ማይክሮፊልም የለም። ምን እንደተቃጠለ የሚናገር ዝርዝር እንኳ አልነበረም። በሁለት የዓለም ጦርነቶችና በኮርያ የተዋጋ ትውልድ ታሪክ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ቅጂ ተቀምጦ ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ «ያው የእኛ ነገር» ብለን እናልፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ግን አለማድነቅ አይቻልም። የተረፈውን የተለበለበና በውኃ የራሰ ወረቀት አልጣሉትም፤ አድርቀው፣ ሙቀቱና እርጥበቱ በሚቆጣጠሩት ክፍል አስቀመጡት። አንድ ሰው ሲጠይቅ ባለሙያ አንድ በአንድ ይፈታዋል። ማህደሩ ጨርሶ የጠፋበትን ደግሞ ከደመወዝ መዝገብ፣ ከየዕለቱ የሻለቃና የሻምበል ሪፖርት፣ ከሆስፒታል መግቢያ ካርድ እየለቃቀሙ አገልግሎቱን መልሰው ይሠሩለታል። የጠፋን ሰው በደመወዝ ቀኑ ፈልጎ ማግኘት! እኔ ይህን ሥራ ከሐውልት ማቆም አስበልጠዋለሁ።

አሁን ወደ ትችቴ ልግባ። ስህተቱ ቀላል ከሆነ፣ ማለትም ሜዳዩ እንደተሰጠ የሚያሳይ ትእዛዝ ከተገኘ፣ ዲዲ 215 የሚባል የእርማት ወረቀት ይወጣና ነገሩ ያልቃል። ካልተገኘ ግን ጉዳዩ ወደ ወታደራዊ መዛግብት እርማት ቦርድ ይሄዳል። ቦርዶቹ የተመሠረቱት በ1946 በወጣ ሕግ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ መንግሥት «የእኔ መዝገብ ሊሳሳት ይችላል» ብሎ በሕግ ማመኑ ብዙ አገር ውስጥ የማይታይ ነገር ነው። ማመልከቻው ገንዘብ አይጠየቅበትም። ስህተቱ በታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይባላል፤ ለፍትሕ ሲባል ግን ቦርዱ ያን ጊዜ ማለፍ ይችላል።

ችግሩ ቦርዱ ሥራውን የሚጀምርበት ግምት ነው። «መዝገቡ በትክክል ተሠርቷል» ከሚል ግምት ነው የሚነሳው። ተሳስቷል የሚለው ወታደር ነው ማስረዳት ያለበት። የጉዳት ካሳ የሚሰጠው የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ማስረጃው ከወዲህም ከወዲያም ሲመዛዘንና እኩል ሲሆን ጥርጣሬው ለወታደሩ ይደረግለታል። ማህደሩ በመንግሥት እጅ ሳለ የጠፋ እንደሆነማ መሥሪያ ቤቱ ከወትሮው የበለጠ የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ፍርድ ቤት ወስኗል። አንድ አገር፣ አንድ ወታደር፣ አንድ ቁስል ነው። አንደኛው ቢሮ ጥርጣሬውን ለሰውየው ይሰጣል፤ ሌላኛው ለወረቀቱ። ለገንዘብ ሲሆን የታመነ ሰው ለክብር ሲሆን የማይታመንበት ምክንያት ለኔ አይገባኝም። እንዲያውም መገልበጥ የነበረበት ይመስለኛል፤ ሜዳይ ከካዝና የሚያወጣው ገንዘብ ከካሳው ጋር አይወዳደርም።

ይህን የምለው እንዲሁ በሐሳብ አይደለም። ሄንሪ ጆንሰን የሚባል ሰው ነበር፤ ኦልባኒ ውስጥ በባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጥቁር አሜሪካውያን ክፍለ ጦር በፈረንሳይ አዛዦች ሥር ሲዘምት አብሮ ዘመተ። በግንቦት 1918 አንድ ሌሊት ከባልደረባው ከኒድሃም ሮበርትስ ጋር ዘብ ቆሞ ሳለ የጀርመን ጦር ወረራቸው። ጥይቱ ሲያልቅ በሰደፍና በጩቤ ተዋጋ፤ የቆሰለ ባልደረባውንም አስጣለ። 21 ቦታ ቆሰለ። ፈረንሳይ ወዲያው ከፍተኛ የጦር ሜዳ መስቀሏን ሰጠችው። የራሱ አገር የስንብት ወረቀት ግን ስለ ቁስሎቹ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በ1929 ሞተ። ፐርፕል ኸርት በ1996፣ ሁለተኛው ከፍተኛ ኒሻን በ2002፣ የመጨረሻው ከፍተኛ የክብር ሜዳይ በሰኔ 2015 ተሰጠው። ከ97 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ነገሩን የፈታው ምን መሰላችሁ? ወረቀት ነው፤ ሌላ ወረቀት። የሴናተር ቻክ ሹመር ሠራተኞች በ1918 ጄኔራል ፐርሺንግ የጆንሰንን ጀብዱ ያወሳበትን መልእክት አገኙ። ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰሞን የተጻፈ ማስረጃ ስለሆነ ክርክሩን ዘጋው። ያ ወረቀት ያን ሁሉ ዘመን መዛግብት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። መቃብሩም እንዲሁ ነው። ለማኝ ሆኖ የትም ተቀብሯል ሲባል የኖረው ሰው አርሊንግተን በክብር ማረፉ የታወቀው ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለምን? መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ዊልያም ሄንሪ ጆንሰን» ተብሎ ነበራ! አንድ ስም ፊት ላይ ስለተጨመረች አንድ ጀግና ጠፋ።

ይህ የድሮ ነገር ነው እንዳንል ፓሪስ ዴቪስ አለ። በሰኔ 1965 ቬትናም ውስጥ ሻምበል ነበር፤ ቆስሎ ሳለ የቆሰሉ ወታደሮቹን ጥሎ አልወጣም ብሎ እየተኮሰ ያወጣ መኮንን። አዛዡ ለከፍተኛው ሜዳይ አጨው። ወረቀቱ ጠፋ። በ1969 ሲጣራ ስለ እጩነቱ የሚናገር ማህደር አልተገኘም፤ እንደገና ተጻፈ፤ እንደገና ጠፋ። ሰውየው ጥቁር መሆኑን ሳይጠቅሱ ይህን ታሪክ መናገር አይቻልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ ጥቁር ወታደሮች ይኸው ሜዳይ እስከ ጥር 1997 ድረስ ለአንድም ሰው አልተሰጠም ነበር፤ ያን ዕለት ለሰባት ሰዎች ሲሰጥ በሕይወት የነበረው ቨርነን ቤከር ብቻ ነው። ዴቪስ በመጋቢት 2023 ሜዳዩን ሲያጠልቅ 83 ዓመቱ ነበር። ያሸለሙትም ቢሮዎቹ አይደሉም፤ ማህደሩን በገዛ ጊዜያቸው እንደ አዲስ የሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የሚሮጥለት ሰው የሌለውስ? ሴናተር የማያውቅ፣ ጋዜጠኛ ያልጻፈለት ተራ ወታደርስ? እጩነት ቀርቦለት ለማያውቅ ሰው ከ1996 ወዲህ የተከፈተው መንገድም የሚያልፈው በምክር ቤት አባል በኩል ነው።

የሌላውን ወገን ክርክር ልርሳ አልልም። ውሸታም አለ። ያልዘመተበትን ጦርነት የሚያወራ፣ ሜዳይ ከሱቅ ገዝቶ ደረቱ ላይ የሚደረድር አለ። አሜሪካኖች በ2006 ስለ ሜዳይ መዋሸትን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጡ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ሻረው፤ በ2013 ደግሞ ጥቅም ለማግኘት ብሎ የሚዋሸውን ብቻ የሚቀጣ ሕግ ተተካ። ስለዚህ ማጣራት ግድ ነው፤ የእውነተኛው ክብር የሚጠበቀውም በማጣራት ነው። እኔ የምለው ግን፣ መንግሥት ራሱ ያቃጠለውን ወረቀት ከወታደሩ ኪስ መጠየቅ ማጣራት አይባልም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይኼኛው በእኛ ሰው ላይ ይበረታል። ኩራት ነው። «ራሴ ለራሴ ሜዳይ ልለምን?» የሚል ወታደር ስንት ነው! ማመልከቻውን የሚጽፈው ልጁ ወይ ሚስቱ ናት፤ ያውም ከሞተ በኋላ። የሚገርመው በጥንቱ ሥርዓታችን ይህ አሳፋሪ አልነበረም። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ጌታው ፊት ቆሞ ይፎክር ነበር፤ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ በስም ይናገራል። አብረውት የዋሉት ዙሪያውን ቆመው ይሰማሉ፤ ያልሠራውን ቢያወራ ከመሃላቸው አንዱ አፉን ያዘጋዋል። ፉከራ ዛሬ በሠርግ ቤት እንደምናየው ጭፈራ ብቻ አልነበረም፤ በምስክር ፊት የሚከፈት የአገልግሎት ማህደር ነበር። ዘመናዊው ጦር ያንን ትቶ ለጸሐፊ ሰጠው። ጸሐፊው ደግሞ ጦር ሜዳ አልዋለም።

የቃኘው ሻለቃ ልጆች ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የመጀመሪያው ሻለቃ በግንቦት 1951 ቡሳን ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። እየተፈራረቁ ወደ 6,000 ያህል ሰው ዘመተ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። አሜሪካዊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ የኢትዮጵያውያኑን ቅኝት ጽፏል። ለምን ተጻፈ ቢሉ፣ ከውጊያው ለተመለሱት «ማን የት ነበር? ማን ምን አደረገ?» ብሎ ትኩሱን የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው። ያልተጠየቁት ስንት ናቸው?

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በ1974 ደርግ መጣ፤ ፒዮንግያንግ ወዳጅ ሆነች። በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች የተሠራው የትግላችን ሐውልት በ1984 ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ሲቆም፣ ሰሜን ኮርያን የተዋጉት ሰዎች በዚያው መንገድ ያልፉ ነበር፤ ዝም ብለው። የአንድ የቃኘው ወታደር ልጅ የሆኑ ወይዘሮ እንዳጫወቱኝ፣ አባታቸው በዚያን ዘመን ሜዳዩን ጓዳ ሸሸጉትና የምስክር ወረቀቱን አቃጠሉት። «ሜዳዩ ስም የለውም፤ ወረቀቱ ግን ስሜን ይጠራል» ይሉ ነበር አሉ። በዚያ ጊዜ ትክክል ነበሩ። ቆይቶ ደቡብ ኮርያ ለዘማቾቿ ወዳጆችና ለልጆቻቸው ድጋፍ መስጠት ስትጀምር ወይዘሮዋ ሜዳዩን ይዘው አንድ ቢሮ ሄዱ። «ሜዳይማ መርካቶም ይገኛል፤ ወረቀቱስ?» አሏቸው። ስም የሌለው ሜዳይ እኚህን ሰው አንድ ጊዜ አዳናቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ካዳቸው።

ወረቀቱን ያላቃጠሉትም ቢሆኑ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። ስማችን የአባት ስም ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ፈረንጅ ሲመዘግበን አንዴ በራሳችን፣ አንዴ በአባታችን፣ አንዴም በአያታችን ፊደል ሥር ነው። «ገብረ» አንድ ቦታ ተነጥሎ፣ ሌላ ቦታ ተጣብቆ ይጻፋል። «ጸ»ን አንዱ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። በሄንሪ ጆንሰን ላይ አንዲት «ዊልያም» 70 ዓመት ካስከፈለች፣ በእኛ ሰው ላይ ሦስት አጻጻፍ ስንት ታስከፍል? ዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ አለ። በአማርኛ ወረቀቱ ላይ «ኮርያ የዘመተበት፣ 1943» የሚል ሽማግሌ አለ እንበል። ይህን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው በ1943 ያልነበረ ጦርነት ላይ አዘመተው ማለት ነው። ጦርነቱ በ1950 እንደተጀመረ የሚያውቅ ቢሮ ደግሞ ወረቀቱን ሐሰተኛ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ከላይ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ጦር ያገለገላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ ያገለገሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዲዲ 214ን አውጡና 13ኛዋን ሣጥን አንብቧት። የጎደለ ካለ ዛሬውኑ አመልክቱ፤ አብረዋችሁ የነበሩት በሕይወት ሳሉ፣ ያዩትን በስማቸውና በፊርማቸው እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። ከወላጅ፣ ከትዳር ጓደኛ፣ ከልጅና ከወንድም ከእህት አልፎ የልጅ ልጅ ማህደሩን መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ ከስንብቱ በኋላ 62 ዓመት አልፎ ማህደሩ ለሁሉም ክፍት እስኪሆን ይጠብቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ የቃኘው ልጆች ደግሞ አባቶቻችሁ ከተዉአቸው ፎቶግራፎች ጀርባ የተጻፈውን ስም፣ የሻምበሉን ቁጥርና ቀኑን፣ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር፣ በደብተር ገልብጡ። የ7ኛው ክፍለ ጦር የዕለት ሪፖርቶች በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ፤ ስሙ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ግን መገመት ያለበት ፈላጊው ነው።